ሞቋል ብላለች

እኔ የምጠብቀው በር ላይ ሌባ አልፎ አያውቅም። ለጉራ አይደለም፤ ማንንም ጠይቁ። ዘበኛ ሲባል ዱላውን ታቅፎ የሚያንቀላፋ ሽማግሌ የሚታያችሁ ካላችሁ፣ የእኔን በር አላያችሁም ማለት ነው። የእኔ በር የጫጩት ማስፈልፈያ በር ነው፤ ከባንክ በር ይብሳል። ከባንክ ቢወጣ ቢወጣ ገንዘብ ነው። እዚህ ግን አንድ ሰው በጫማው በሽታ ይዞ ቢገባ እንቁላሉም ጫጩቱም ድምጥማጡ ይጠፋል። ስለዚህ የሚገባ ሰው ሁሉ፣ ሥራ አስኪያጁም ሳይቀር፣ ስልኩን ለእኔ ያስረክባል፣ ገላውን ይታጠባል፣ የግቢውን ነጭ ቱታ ይለብሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚያልፈው። አንዴ አንድ ትልቅ ሰው በመኪና መጥተው «እኔ እኮ ቤቴ ታጥቤ ነው የወጣሁት» አሉኝ። «ጌታዬ፣ ጫጩቶቹ ይህን በምን ያውቃሉ?» አልኳቸው። ታጠቡ! ሲወጡ ፀጉራቸው እርጥብ እንደሆነ ጨብጠውኝ «ሳሙናችሁ ጥሩ ነው» ብለውኝ ሄዱ።

የስልኮቹን ሣጥን ራሴ ነኝ የሠራሁት። ከእንቁላል ማመላለሻ እንጨት። ማንበብ አልችልም፤ ትምህርት ቤት በበሩ ነው ያለፍኩት። ግን የማንንም ስልክ ከማንም ስልክ አሳስቼ አላውቅም፤ በየክፍሉ ላይ ስዕል አለኝ። ለሥራ አስኪያጁ ከረባት ስዬበታለሁ። ለመካኒኩ ብሎን። ለወንድሜ ልጅ ደግሞ ቴርሞሜትር። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እሷ ነው።

ወንድሜ ካረፈ ወዲህ ያሳደግናት እኔና ባለቤቴ ነን። እዚያው ማስፈልፈያ ያስገባኋትም እኔ ነኝ። ባለቤቴ «ፈተና አልፋ ነው የገባችው» ትላለች፤ እሺ፣ ፈተናውን ያለፈችው እሷ ናት፣ ፈተና መኖሩን የነገራት ግን ማነው? ሥራዋ እንቁላል የሚሞቅባቸውን ማሽኖች መጠበቅ ነው። ከማሽን ማሽን እየዞረች ሙቀቱን ታነባለች፣ ትንሽ ከወረደ ትጮኻለች፣ ትንሽ ከወጣ ትጮኻለች። ሥራ ቤት ያሉት «ዲግሪ» ብለው ይጠሯታል። «ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ ዲግሪ ያላት እሷ ብቻ ናት» እያሉ ይስቁባታል። እሷም ትስቃለች። ሳቋ ከበሩ ድረስ ይሰማኛል፤ ጆሮዬ እኮ እስካሁን የጎልማሳ ነው።

አንድ ቀን ቀትር ላይ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩም እምቢ ብሎ ነበር። ሰዉ ሁሉ ግራ ሲገባው እኔ ነኝ «ማሽኖቹን አትክፈቱ! ብርድ ልብስ አምጡ!» ያልኩት። ዲግሪ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያልኩት፤ እርስዎ በር ላይ ነበሩ» ትላለች። በር ላይ ሆኜ አልኩት! ያም ሆነ ይህ እንቁላሉ ተረፈ። ይህን ያነሳሁት ግን ለጉራ ሳይሆን፣ ልጅቷ ጭንቅላቷ ውስጥ ምን እንዳለ እንድታውቁልኝ ነው። ለእሷ ዓለም ላይ አንድ ሕግ አለ፦ መጀመሪያ ሙቀት፣ ከዚያ ጫጩት። ሙቀት ከሌለ እንቁላል ዝም ብሎ እንቁላል ነው። ችግሩም የመጣው ከዚሁ ነው።

ያገባችው የእኛኑ ሾፌር ነው። ጫጩት በካርቶን ጭኖ በየገጠሩ የሚያከፋፍል፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ። ከቤቴ ጓሮ ካለችው ክፍል እንዲገቡ ኪራይ አልጠየቅኩም፤ ጣራዋን ራሱ ጠገነ፣ እኔ ከታች ሆኜ መሰላሉን ያዝኩለት። መሰላል መያዝ ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ ይምጣና ይሞክረው።

ተጋብተው ቆዩ፣ ልጅ አልመጣም። ዲግሪ ለሰው ምንም አትልም። ግን ጫጩት በሚፈለፈልበት ቀን እንደ ድሮው ሮጣ መጥታ «ጋሼ፣ ወጡ! ወጡ!» ማለቷን አቆመች። በሩን አልፋ ስልኳን ስትወስድ «ወጡ እንዴ?» ስላት «ወጥተዋል» ብላ ትሄዳለች። ለባለቤቴ ስነግራት «አሁን ነው ያየኸው?» አለችኝ። ሴቶች እንዲህ ናቸው፤ ቀድመው ያያሉ፣ ከዚያ ዘግይተሃል ይላሉ።

ከዚያ የስልኩ ነገር ተጀመረ። አንድ ጠዋት ዲግሪ ስልኳን ስታስረክበኝ ፊቷ በርቶ፣ «ጋሼ፣ ባለቤቴ እየነዳ ስለሆነ አላነሳልኝም። ነዳጅ ሲቀዳ በዚሁ ስልኬ መልሶ ይደውላል። ሞቋል ብላለች ይበሉት» አለችኝ።

«ምኑ?»

«እሱ ይገባዋል።»

ደወለ። «ሞቋል ብላለች» አልኩት። «እሺ ጋሼ፣ መጣሁ» አለና ዘጋው። ከቀትር በኋላ መኪናው እንደ እሳት አደጋ እየበረረ ከች! ካርቶኖቹን እንኳን በቅጡ አላወረደም። እኔ እንግዲህ አንድ ማሽን ከመጠን በላይ ሞቆ እሱ ሊጠግን የመጣ መስሎኛል። ጎበዝ ልጅ ነው አልኩ በልቤ፤ ሾፌርም ሆኖ ማሽን ይችላል።

በሌላው ወር እንደገና «ሞቋል ይበሉት።» በሚቀጥለውም። መኪናው ይበርራል፣ እኔ በሩን እከፍታለሁ። ከመልመዴ የተነሳ ስልኩ ሲጮህ ገና ሄሎ ሳይል «ሞቋል! ና!» እለው ጀመር። መካኒኩ አጠገቤ ቆሞ ሰምቶ በሳቅ ፍርስ አለ። «አንተ፣ ምን ያስቅሃል?» ብለው «ኧረ ምንም፣ እርስዎ ጥሩ ሽማግሌ ነዎት» ብሎኝ ሄደ።

ማታ እራት ላይ ለባለቤቴ አወራኋት። ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አንተ ሰውዬ፣ ለመሆኑ ምን እንደሚሞቅ ታውቃለህ?»

«ማሽኑ ነዋ!»

«ማሽኑ!» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ ነገረችኝ። ዲግሪ በሬዲዮ አንድ የጤና ፕሮግራም ሰምታለች፤ ሴት ልጅ በየጠዋቱ ከአልጋዋ ሳትነሳ ሙቀቷን ብትለካ፣ እንቁላሏ በሚወጣበት ሰሞን ሙቀቷ ትንሽ ከፍ ይላል የሚል። የፈረቃ ሰዓት ደርሶባት ቀሪውን ሳትሰማ ወጣች። ቀሪውን መስማት ምን ያደርግላታል? እሷ ዲግሪ ናት! ሙቀት ሲመጣ ጫጩት ይጀምራል። ስለዚህ ቴርሞሜትር ገዛች፣ በየጠዋቱ ለካች፣ የሞቀ ቀን ባሏን ጠራች። ጠሪው ደግሞ እኔ!

አፈርኩ እንዴ? በፍጹም። እንዲህ ያለ አደራ ለማንም አይሰጥም። ግን በማግስቱ ስልኩ ሲጮህ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው ያነሳሁት።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ሾፌሩ ከሌላ ድርጅት ሥራ መጥቶለት ነበር፤ ትልቅ መኪና፣ ረጅም መስመር፣ ድንበር ተሻግሮ። ደሞዙ ጥሩ ነው፣ ቤቱን የሚያየው ግን በስንት ጊዜ አንዴ ነው። አንድ ቀን በር ላይ መኪናውን አቁሞ መጣና አጠገቤ ቁጭ አለ። የማይናገር ሰው ሊናገር ሲል ታውቁታላችሁ፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ጫማውን ያያል።

«ጋሼ፣ እስከ ወር መጨረሻ ካልገባህ ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን ብለውኛል።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ሂድ አለችኝ።» የጫማውን አቧራ በእጁ ጠረገ። «ልጅ ቢኖረን ኖሮ አልሄድም ነበር። አሁን ግን በየወሩ እየሮጥኩ ስመጣ፣ ከዚያ ሳይሆን ሲቀር ፊቷን ማየት አቃተኝ። ርቄ ብሄድ ሳይሻለን አይቀርም…» ቃሉን አልጨረሰውም። ሲጋራ አወጣ። እኔ በር ላይ ሲጋራ አይጨስም፣ ግን ያን ቀን ዝም አልኩት።

እቤት ገብቼ ለባለቤቴ «ጤና ጣቢያ ይሂዱ» አልኳት። እሷ «እኔ እኮ ከትናንት ወዲያ ቀጠሮ ይዤላቸዋለሁ» አለች። ማን ቀድሞ እንዳለው አሁንም አልተስማማንም።

ጤና ጣቢያው የሠፈራችን ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ውጭ አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የሕፃን ስዕል። እኔም ሄድኩ። ወንድ ልጅ ምን ያደርጋል ብላችሁ እንዳትሉኝ፣ ሾፌሩ ብቻውን እንዳይጨነቅ ነው። እሱንም የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ሲስተር፣ ወዲያው «አንተም ግባ፣ ጉዳዩ የሷ ብቻ ነው ያለህ ማነው?» ብላ አስገባችው። ባለቤቴም ተከትላ ገባች። እኔ ወንበሩ ላይ ቀረሁ። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ጆሮዬን ደግሞ ነግሬያችኋለሁ።

ሲስተር ወጣት አይደለችም። ስትናገር አትቸኩልም። «እሺ የኔ እመቤት፣ ባልሽ መቼ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ሲሞቅ» አለች ዲግሪ።

«ሲሞቅ ማለት?»

ዲግሪ ሁሉንም አስረዳቻት፤ ማሽኑን፣ ትሪውን፣ መጀመሪያ ሙቀት ከዚያ ጫጩት። አንድ ሰዓት የምታወራ መሰለኝ። ሲስተር አላቋረጠቻትም። በመጨረሻ «ጎበዝ ነሽ» አለቻት፤ «እንዳንቺ በደንብ ለክታ የመጣች ሴት አይቼ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ነው የተገለበጠብሽ። የዶሮ እንቁላል ሙቀት ይጠብቃል። ያንቺ እንቁላል ግን መጀመሪያ ይወጣል፣ ሙቀቱ ከኋላው ነው የሚመጣው። ከወጣ በኋላ ደግሞ አንድ ቀን እንኳን በቅጡ አይጠብቅም። አንቺ ሞቋል ስትዪ እሱ ሄዷል።»

ወንበሩ ላይ ሆኜ ራሴን ያዝኩ። ያ ሁሉ ስልክ! ያ ሁሉ መብረር! ለካ እኔ ሰውየውን የምጠራው እንግዳው ከወጣ በኋላ ነው። በር ጠባቂ ሆኜ!

«ስለዚህ ያለቀ ነው?» አለች ዲግሪ በቀጭን ድምፅ።

«ምኑ ነው የሚያልቀው? ገና መቼ ጀመራችሁና! የወንዱ ዘር ሆድሽ ውስጥ ቀናት መቆየት ይችላል፤ ቀድሞ ደርሶ መጠበቅ ነው ያለበት። ቀድሞ የሚመጣ ምልክት ደግሞ አለሽ። እስቲ ልጠይቅሽ፤ ሥራ ቤት እንቁላል ሰብረሽ ታያለሽ?»

«ያልተፈለፈለውን ሁሉ። ለምን እንዳልሆነ ለማወቅ።»

«ነጩን በጣትሽ ስትይዥው እንዴት ነው?»

«ጥርት ያለ ነው፣ ሲስቡት ይሳባል…»

እዚህ ጋ ሲስተር ድምጿን ዝቅ አደረገች። እኔም ሰው ነኝ፣ ይሉኝታ አለኝ፤ ሳል ሳል አድርጌ ተነስቼ ወደ አጥሩ ሄድኩ። የቀረውን ባለቤቴ ናት ያወራችልኝ፣ እሷም ግማሹን በዓይኗ። ነገሩ ይህ ነው፤ ሴት ልጅ እንቁላሏ ሊወጣ በተቃረበበት ሰሞን ከማህፀኗ የሚወጣው እርጥበት ልክ እንደ እንቁላል ነጭ ጥርት ብሎ ይሳባል። ያ ነው ጥሪው። ያን ሰሞን ባልና ሚስት በየሁለት ቀኑ እንኳን ቢገናኙ ይበቃል። ሙቀቱ ከዚያ በኋላ ሲመጣ፣ ያለፈውን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ነው። ዲግሪ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ አፏን ያዘች፣ ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች አሉ። «ሙሉ ቀን እጄ ላይ ነው እኮ የሚውለው፣ ሲስተር! ሙሉ ቀን!»

ሲስተር እዚያ አላቆመችም። ደሟን አየችላትና ትንሽ አንሷል አለች፤ የደም ማነስ መድኃኒት ሰጠቻት። ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ኪኒን ደግሞ ከዛሬ ጀምረሽ በየቀኑ ዋጪ አለቻት፤ ከተረገዘ በኋላ ሳይሆን ከመረገዙ በፊት፤ ምክንያቱም የልጁ ጀርባና ጭንቅላት የሚሠራው እናትየው ገና እርጉዝ መሆኗን ሳታውቅ ነው። ሾፌሩን «ሲጋራውን ጣል፣ ለአንተም ለሷም ነው» አለችው። «በትክክለኛው ሰሞን እየሞከራችሁ ቆይታችሁ ካልሆነ ሁለታችሁም ትመረመራላችሁ፤ እሷ ብቻ አይደለችም» አለችው። እሱም «እሺ» አለ። ሲወጣ የሲጋራውን ፓኮ ለእኔ ሰጠኝ። እኔ አላጨስም፤ ግን ለማስታወሻ አስቀመጥኩት።

አንድ ነገር ቀረ። ሲስተር «ሥራሽ ላይ የምትተነፍሺው ኬሚካል አለ?» ብላ ጠይቃታለች። አለ። እንቁላል ወደ ማሽን ከመግባቱ በፊት ጀርሙን ለመግደል በፎርማሊን ይታጠናል፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ያን ክፍልም ደርባ የምትይዘው ዲግሪ ናት። ሲስተር «ልጅ የምታስብ ሴት ከዚያ ክፍል ትውጣ» አለች።

ዲግሪ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብታ ወጣች፣ ፊቷ ጥቁር ብሏል። «ምክንያትሽን ንገሪኝ፣ ዝም ብዬ ሰው አላዛውርም አለኝ። ጋሼ፣ እንዴት ብዬ ልንገረው? ወንድ ነው እኮ!»

«ቆይ» አልኳት። ስልኬን ራሴው ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩ፣ ታጠብኩ፣ ነጩን ቱታ ለበስኩ። ስንት ዓመት በሩ ላይ ቆሜ ወደ ውስጥ የገባሁት በጣት የሚቆጠር ነው። ቢሮው ውስጥ ቆምኩ።

«ምነው አባባ፣ በሩን ማን ያዘው?» አለ።

«መካኒኩ። ጌታዬ፣ የወንድሜ ልጅ ከማጠኛው ትውጣ።»

«ምክንያቷን አልነገረችኝም።»

«ምክንያቷ እርስዎ በየቀኑ የሚያዩት ነው። እንቁላል ከመግባቱ በፊት ማሽኑን እናጥባለን፣ እናደርቃለን፣ ሙቀቱን እናስተካክላለን። ዝም ብለን አንከትም። እሷም ማሽኗን እያዘጋጀች ነው።»

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ገባው። ፊቱ ቀላ፣ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። «ይህን ቀድማ ብትለኝ ምን ነበረበት!» አለ። እንቁላል በመብራት የሚታይበት ክፍል አዛወራት። እሷን ለተካው ልጅ ደግሞ ደህና ጭምብልና አየር ማውጫ እንዲገዛለት አስደረግኩ። አስደረግኩ ነው የምላችሁ፤ ባለቤቴ ምንም ብትል።

የመጀመሪያው ወር አልሆነም። ሁሉን በትክክል አድርገው አልሆነም። የወር አበባዋ መጣ። ጠዋት ስልኳን ስትሰጠኝ ዓይኗ አብጦ ነበር። ምን ልበላት? የማወራው ጠፍቶኝ አያውቅም፣ ያን ቀን ጠፋኝ። «ሁሉም እንቁላል በመጀመሪያው አይፈለፈልም» አልኳት።

«አውቃለሁ ጋሼ፣ የምመዘግበው እኔ ነኝ» አለችኝ፤ ግን ትንሽ ፈገግ አለች።

ለሾፌሩ የተሰጠው የወር መጨረሻ ቀጠሮም ያ ሰሞን ነበር። ያ ድርጅት በእኔ ፊት ደወለለት። ስልኩን ይዞ ዳር ሄዶ አልተንሾካሾከም፤ እዚያው ቆሞ «አልመጣም፣ ለሌላ ሰው ስጡት» አለ።

«ለምን? ደሞዙ አነሰህ?» ሲሉት ሰማሁ።

«አይ፣ ቤቴ አጠገብ ሥራ አለኝ።» ዘጋው። ከዚያ መስመር ተለዋወጠ፤ ሩቁን ለጓደኛው ሰጥቶ ማታ ማታ ቤቱ የሚያድርበትን ያዘ። አሁን ማንም አይጠራውም፤ እዚያው ነው።

እኔ እንግዲህ ሥራዬን አጣሁ። ስልኩ ይጮሃል፣ ሄሎ እላለሁ፣ «ደህና ነዎት ጋሼ?» ይላል፣ በቃ። አንዳንዴ ነዳጅ እየቀዳ «ምን አለች?» ይለኛል፤ «ምንም አላለች፣ ሂድ ሥራህን ሥራ» እለዋለሁ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ዲግሪ በሩ ላይ ደረሰች። ስልኳን አወጣች፣ ግን አልሰጠችኝም። እጇ ላይ አገላበጠችው።

«ጋሼ፣ ሞቋል።»

«ኧረ ልጄ! ሞቋል ካልሽ እኮ ሄዷል! ሲስተር ያለችውን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። የሞቀው ዛሬ አይደለም። ከሞቀ ቆይቷል። ሌላ ጊዜ እዚህ ሲደርስ ይወርዳል፣ ከዚያ የወር አበባዬ ይመጣል። አሁን ግን ጠበቅኩት፣ ጠበቅኩት…» ድምጿ ተሰበረ። «አልወረደም። አበባዬም አልመጣም።»

እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚገባኝ። ሲገባኝ ግን በሩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ከኋላዋ የተሰለፉት ሠራተኞች «አባባ፣ ክፈቱ እንጂ!» ይላሉ። ይጮሁ! ቆይተው ይግቡ!

ከቀትር በፊት ሾፌሩ ደወለ። «ምን አለች?»

«አልወረደም ብላለች።»

የነዳጅ ማደያው ጫጫታ ይሰማኛል፣ የሰው ድምፅ፣ ጥሩምባ። ከዚያ «ጋሼ፣ እንደገና ይበሉልኝ» አለ። እንደገና አልኩለት። ሦስተኛም አስባለኝ።

ሲስተር በሽንት መርምራ እውነት ነው አለች። ኪኒኑን እንዳታቆሚ፣ ክትትልሽን ጀምሪ፣ አሁን ደግሞ ያን ቴርሞሜትር ተዪው፣ ጠዋት ጠዋት እየለካሽ አትጨነቂ አለቻት። ዲግሪ ግን ዲግሪ ናት፤ እቤት ካለ እጇ አያርፍም። ስለዚህ አምጥታ ለእኔ ሰጠችኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ጋ ይቀመጥ። ብለምንዎትም እንዳይሰጡኝ።»

ሣጥኔ ውስጥ፣ የሷ ስዕል ያለበት ክፍል ውስጥ፣ ከስልኳ ጎን አስቀመጥኩት። ሁለት ጊዜ ለምናኛለች። ሁለቴም ከልክያታለሁ። ትናንት ጫጩት የሚፈለፈልበት ቀን ነበር፤ ቱታዋ ሆዷ ላይ አልቆለፍ ብሏት ከላይ ሸሚዝ ደርባበታለች። ከውስጥ ወደ በሩ ስትመጣ እርምጃዋን ሰማሁት፤ አልሮጠችም፣ መሮጥ ትታለች፣ ግን ገና ከሩቅ «ጋሼ! ወጡ!» ብላ ጮኸች።